እየዛገች ድንበር የምትጠብቅ መርከብ

በፊሊፒንስ ባሕር ኃይል መዝገብ ላይ ቢ.አር.ፒ. ሲዬራ ማድሬ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ያለች የጦር መርከብ ናት። የጎን ቁጥሯ 57 ነው። የሀገሯን ባንዲራ ታውለበልባለች፤ ወታደሮቿም በየጊዜው ይቀያየራሉ። ከ1999 ወዲህ ግን አንድ ክንድ እንኳ ፈቀቅ ብላ አታውቅም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በራሷ ኃይል መንቀሳቀስ ካቆመች ቆይታለች። ጎኗ በየቦታው ተበስቷል፤ ወለሏም ሰው በድፍረት የሚረግጠው አይደለም። በደቡብ ቻይና ባሕር፣ ፊሊፒናውያን አዩንጊን፣ ቻይናውያን ሬንአይ፣ ቬትናማውያን ደግሞ ባይ ኮ ማይ በሚሉት የኮራል ድንጋይ ላይ ትንሽ ዘመም ብላ ተቀምጣ ትዝጋለች።

በዚህች መርከብ ጉዳይ አምስት የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንቶች ተፈራርቀዋል። በዓለም ሁለተኛውን ኢኮኖሚ የያዘችው ቻይና ዙሪያዋን በነጭ የጠረፍ ጥበቃ መርከቦች ታስጠብቃለች። ዋሽንግተን ደግሞ አንድ ነገር በደረሰ ቁጥር የ1951ን ውል እየጠቀሰች መግለጫ ታወጣለች። ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ቢያቀርቧት በኪሎ የምትመዘን አሮጌ መርከብ ይህን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣችው? መልሱ ከብረቷ ይልቅ በስሟ ዙሪያ በተጻፉ ወረቀቶች ውስጥ ይገኛል። መጀመሪያ ግን ብረቱ።

በ1940 የእንግሊዝ ጦር ከዳንከርክ ሲሸሽ ወታደሮቹን በመርከብና በጀልባ ቢያተርፍም ከባድ መሣሪያውን ባሕር ዳር ጥሎ ነበር የወጣው። ዊንስተን ቸርችልን ያስጨነቀው መመለሻው ነው። ወደቡ ሁሉ በጠላት እጅ ከሆነ ታንክ ከመርከብ ወደ መሬት በምን ይወርዳል? እንግሊዞች በቬኔዝዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ነዳጅ ያመላልሱ የነበሩ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ መሄድ የሚችሉ መርከቦችን ወስደው ከፊታቸው በር በመግጠም ሞከሩ። ሙከራው መንገድ ቢያሳይም አልበቃቸውም፤ ጥያቄውን ለአሜሪካ ላኩት። በኖቬምበር 1941 ጆን ኒደርማየር የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ ንድፍ ባለሙያ ጥያቄው በደረሰው በሰዓታት ውስጥ መፍትሔውን በእርሳስ ሥሎ አሳየ።

የነገሩ ጭንቅ ይህ ነበር። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ሆዱ ወደ ውሃው ጠልቆ ካልገባ ማዕበል ይጫወትበታል። አሸዋ ላይ የሚወጣ መርከብ ደግሞ ከታች ጠፍጣፋ ሆኖ በጣም ሳይጠልቅ መንሳፈፍ አለበት። ኒደርማየር ሁለቱን በአንድ አካል አስማማቸው። በመርከቧ ሆድ ውስጥ ትላልቅ የውሃ ጋኖች አደረገ። በረጅም ጉዞ ጋኖቹ በባሕር ውሃ ስለሚሞሉ መርከቧ ትከብዳለች፣ ትጠልቃለች። ጠረፍ ስትቃረብ ውሃው በፓምፕ ይወጣና ቀለል ብላ ከፍ ትላለች። ከዚያ ከኋላዋ መልሕቅ ጥላ ወደ አሸዋው ትነዳለች። አፍንጫዋ ለሁለት ተከፍሎ መወጣጫው ሲዘረጋ 20 ያህል ታንኮች በየተራ ይወርዳሉ። ሸክሟን ስትጨርስ የመልሕቁን ገመድ በሞተር እየጠቀለለች ራሷን በራሷ ወደ ባሕር ትጎትታለች። ለማንኛውም ካፒቴን መሬት መንካት የሥራው ማብቂያ ነው፤ ለዚህች መርከብ ግን ሥራዋ ያ ነው። መመለሷም እንዲሁ የሥራዋ ግማሽ ነው።

የመርከቦቹ የእንግሊዝኛ ምኅጻር ኤል.ኤስ.ቲ. ነበር። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ የተሳፈሩባቸው ባሕረኞች ፊደሎቹን “ትልቅ፣ ቀርፋፋ ዒላማ” ብለው ይፈቷቸው ነበር። ቢሆንም ያለ እነርሱ ኖርማንዲም ሆነ ኦኪናዋ ባልተሞከረ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ተሠርተዋል። የባሕር ዳር የመርከብ ፋብሪካዎች በጦር መርከቦችና በአውሮፕላን ተሸካሚዎች ስለተያዙ ብዙዎቹ የተበየዱት ባሕር አይተው በማያውቁ ከተሞች ነው። ከእነዚህ አንዷ በኢንዲያና ግዛት በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችው ኢቫንስቪል ናት። ዙሪያዋ የበቆሎ እርሻ ነው። ድልድይ ሲሠራ የኖረ ኩባንያ በዚያ ቦታ የመርከብ ፋብሪካ አቋቁሞ 167 ኤል.ኤስ.ቲ. አወጣ። ከሠራተኞቹ መካከል ብየዳ የተማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩበት። መርከቦቹ በጎናቸው ወደ ወንዙ እየተንሸራተቱ ይገቡና በሚሲሲፒ ወርደው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨው ውሃ ይቀምሳሉ።

ከመካከላቸው አንዷ ቁጥሯ 821 የሆነ፣ 100 ሜትር የምትረዝም መርከብ ነበረች። በ1944 መገባደጃ ተሠርታ ባሕር ኃይሉን ተቀላቀለች፣ በተከታዩ ዓመት ኦኪናዋ ላይ ተሰለፈች፣ ጦርነቱ ሲያበቃም ተጠባባቂ ሆና ቆመች። እንዲህ ያሉ መርከቦች ለአንድ ጦርነት ብቻ የተሠሩ ነበሩ፤ ሰማንያኛ ዓመቷን ታከብራለች ብሎ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም። በ1955 “ሃርኔት ካውንቲ” የሚል ስም ከሰሜን ካሮላይና አንድ ወረዳ ተሰጣት፤ በ1966 ደግሞ ለቬትናም ጦርነት ተቀሰቀሰች።

በቬትናም ታንክ አላራገፈችም። በሜኮንግ ወንዝ ደለል መካከል መልሕቅ ጥላ ለትናንሽ የወንዝ ጠባቂ ጀልባዎችና ለሄሊኮፕተሮች መኖሪያ፣ ነዳጅ ማደያና ጥገና ቤት ሆነች። ቆማ የምታገለግል መርከብ መሆንን የለመደችው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። በ1970 አሜሪካ ጦርነቱን ለደቡብ ቬትናም ለማስረከብ ስትዘጋጅ መርከቧንም አስረከበቻት፤ “ሚ ቶ” ተባለች።

ኤፕሪል 1975 ሳይጎን ስትወድቅ የደቡብ ቬትናም ባሕር ኃይል ቅሪት ከ30,000 የማያንሱ ስደተኞችን አጭቆ ወደ ፊሊፒንስ አቀና። “ሚ ቶ” ከእነርሱ ጋር ነበረች። በፊሊፒንስ ሥልጣን ላይ የነበሩት ፈርዲናንድ ማርኮስ ግን ቸገራቸው። የሌለ መንግሥት ባንዲራ የያዙ የጦር መርከቦችን ወደብ ማስገባት ከአዲሶቹ የሐኖይ ጌቶች ጋር ያጣላል። የተገኘው መላ የወረቀት ነበር። መርከቦቹ በመጀመሪያ የአሜሪካ ንብረት ስለነበሩ የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ባሕር ላይ እንዳሉ ወረደ፣ የአሜሪካ ተሰቀለ፣ መርከቦቹም “የአሜሪካ” ሆነው ሱቢክ ወደብ ገቡ። ይህን ልብ ማለት ይገባል፦ መርከቧ ዛሬ የምትኖርበት ዓይነት ሕይወት፣ ማለትም ማን እንደሆነች በጨርቅና በመዝገብ የሚወሰንበት ሕይወት፣ ያን ቀን ነው የጀመረው። በ1976 ለፊሊፒንስ ተሰጠች። በኋላም በሉዞን ደሴት ምሥራቅ እንደ አከርካሪ በተዘረጋው ረጅም የተራራ ሰንሰለት ስም ሲዬራ ማድሬ ተባለች። ዛሬ ስለ እርሷ ከቤጂንግ ጋር የሚከራከሩት የያኔው ፕሬዚዳንት ልጅ፣ ስማቸውም ያው ፈርዲናንድ ማርኮስ የሆነው ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። አዩንጊን ከፊሊፒንሷ ፓላዋን ደሴት 105 የባሕር ማይል፣ ማለትም 195 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከቻይና ሃይናን ደሴት ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በውሃ መሙያ ሰዓት ከነአካቴው ይሰወራል፤ ውሃው ሲጎድል የተወሰነው ጠርዙ ብቅ ይላል። ዛፍ የለበትም፣ አፈር የለበትም፣ የሚጠጣ ውሃ የለበትም። ዙሪያው ግን ዓሣ ይበዛበታል። ከእርሱ አለፍ ብሎ ሪድ ባንክ የተባለ ጋዝ እንዳለበት የሚታመን ሰፊ የባሕር ወለል ይገኛል። ፊሊፒንስ ለሉዞን መብራት ከምትቀዳበት የማላምፓያ ጋዝ ጉድጓድ ክምችቱ እየቀነሰ ስለሆነ የሪድ ባንክ ነገር ለማኒላ የሩቅ ምኞት አይደለም። አዩንጊንን የያዘ ወደዚያ የሚወስደውን በር ይዟል።

ማኒላን ያነቃት ግን ጋዝ ሳይሆን ሚስቺፍ የተባለ ሌላ ድንጋይ ነው፤ ከአዩንጊን በስተ ምዕራብ 20 የባሕር ማይል ገደማ ላይ። በ1995 መጀመሪያ ፊሊፒናውያን እዚያ በብረት እግር የቆሙ ጎጆዎች አገኙ። ቻይና “ለዓሣ አጥማጆቻችን ከነፋስ መጠለያ ነው” አለች። ጊዜው ለማኒላ አስቸጋሪ ነበር፤ የፊሊፒንስ ሴኔት የአሜሪካ የጦር ሰፈር እንዲነሳ ከወሰነ በኋላ የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር ከሱቢክ የወጣው በ1992 ነው። በ1998 መጨረሻ ጎጆዎቹ በኮንክሪት ሕንፃ ተተኩ። ዛሬ እዚያው ቦታ ትላልቅ አውሮፕላኖች የሚያሳርፍ ሜዳ፣ የአውሮፕላን ማቆያና ራዳር ያለው ሰው ሠራሽ ደሴት አለ። መጠለያው አድጎ ምን እንደሚሆን ለማየት ሃያ ዓመት ገደማ ብቻ ፈጀ።

የፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤስትራዳ መንግሥት በ1999 የነበረው ገንዘብም ሆነ ባሕር ኃይል ቻይናን የሚገዳደር አልነበረም። የነበሩት ግን አሮጌ መርከቦች ናቸው። በሜይ ወር ሲዬራ ማድሬ ወደ አዩንጊን ሄደች፤ ኒደርማየር እንዳሰበው አፍንጫዋን ይዛ ድንጋዩ ላይ ወጣች። የሥራዋ ሁለተኛው ግማሽ ግን ቀረ። ማኒላ “በድንገት ተሰናክላ ነው፣ ትጠገናለች” አለች። ቻይና በቶሎ እንድትነሳ ጠየቀች። እስከ ዛሬም የቤጂንግ ባለሥልጣናት “እንጎትታታለን ብላችሁ ቃል ገብታችሁልን ነበር” ይላሉ፤ ማኒላ ቃሉን ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደገባ ስትጠይቅ ግን የሚቀርብ ወረቀት የለም። ጠፍጣፋው ሆዷ ለዚህ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ሌላ መርከብ ቢሆን ገና ድሮ ተገልብጦ በሚሰጥም ቦታ እርሷ ቁጭ ብላ ቀረች። እንደ እኔ ግምት ያን ጊዜ ማንም ሃያ ምናምን ዓመት አላሰበም። ጥቂት ወራት ለማግኘት የተደረገ ዘዴ ነበር የሚመስለው፤ ግን ጊዜያዊ ነገር የሚያነሳው ሲያጣ እንዲህ ነው የሚኖረው።

መርከቧ ውስጥ ያለው ሕይወት እንግዲህ እንደምትገምቱት ነው። በ2013 የኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ጋዜጠኞች ቦታውን አይተው ሲመለሱ ያገኟቸው ወታደሮች ስምንት ገደማ ነበሩ። ምግባቸው በአብዛኛው ከመርከቧ ጠርዝ በመንጠቆ የሚይዙት ዓሣ ነበር። ጊዜያቸውን የሚገፉት ፊልም በማየትና ፊሊፒናዊ ያለበት ቦታ ሁሉ በማይጠፋው ካራኦኬ ነበር። አንዳንዶቹ ለወራት ይቆያሉ። ጨዋማው ነፋስ ሬዲዮውንም ጠመንጃውንም ጥርስ መፋቂያ ስኒውንም እኩል ያዝጋል። ዋና ጠላታቸው ማን ነው ብዬ ብጠየቅ ቻይናን ከማለቴ በፊት ማሰቤ አይቀርም። የብረት ግድግዳ በቀን ሙቀት አምቆ ይዞ ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። ዶክተር የለም። ሰው ቢታመም የሚወጣው የቻይና ጀልባዎች መንገድ ከከፈቱ ነው።

ያ መንገድ ነው ነገሩን ሁሉ የሚያጋግለው። መርከቧን በጉልበት መያዝ ጦርነት ነው፤ ማስራብ ግን ጦርነት አይባልም። በማርች 2014 የቻይና የጠረፍ ጥበቃ መርከቦች ስንቅ የጫኑትን ጀልባዎች ሲመልሱ ማኒላ ምግቡን በአውሮፕላን ጣለች። በወሩ መጨረሻ ጋዜጠኞችን ያሳፈረች ትንሽ ጀልባ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ትላልቆቹን መርከቦች አምልጣ ደረሰች፤ እነርሱ ሊከተሏት አልቻሉም፣ ሆዳቸው ድንጋይ ይነካልና። ፊሊፒንስ በማግሥቱ ለሄግ የግልግል ችሎት 4,000 ገጽ ገደማ የሚሆን የክርክር ሰነድ አስገባች። ቀኑ መገጣጠሙ ይመቻል ካልን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንቅም ወረቀትም ደረሱ ማለት ነው።

ክሱ የተጀመረው በጃንዋሪ 2013 ነው። ምክንያቱም ስካርቦሮ የተባለው ሌላ ድንጋይ በ2012 ከማኒላ እጅ መውጣቱ ነበር። በዚያ ላይ የተቀመጠች መርከብ አልነበረችም። ሁለቱ ሀገሮች ለሳምንታት ከተፋጠጡ በኋላ ፊሊፒኖች ሲወጡ ቻይናዎች ቀሩ፤ በቃ። የሲዬራ ማድሬ ዋጋ ለማኒላ ጎልቶ የታያት ያኔ ይመስለኛል።

ጁላይ 12 ቀን 2016 ዳኞቹ ፈረዱ። ቻይና ባሕሩን ሁሉ የምታጥርበት የነጠብጣብ መስመር በሕግ መሠረት የለውም አሉ። ሚስቺፍም አዩንጊንም ውሃ ሲሞላ የሚሰወሩ ድንጋዮች ስለሆኑ እንደ መሬት በይዞታ ሊወሰዱ እንደማይችሉ፣ ያሉትም በፊሊፒንስ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ መሆኑን በየኑ። ለማኒላ ድል ነበር። ቻይና ግን ችሎት አልቀረበችም፣ ፍርዱንም “ተራ ወረቀት” ብላ አጣጣለችው። በሚስቺፍ ጉዳይ የፊሊፒንስ መብት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያውቀው ነገር አለ። ከዚያው ከሄጉ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት በኩል በኤፕሪል 2002 የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ኮሚሽን ውሳኔም “የመጨረሻና አስገዳጅ” ነበር። ባድመ ላይ ግን ለብዙ ዓመታት ማን እንደሚቆይ የወሰነው ወረቀቱ ሳይሆን እዚያ የቆመው ወታደር ነው። የሄግ ፍርድ ማን ባለመብት እንደሆነ ይናገራል፤ ማን እንደሚነሳ ግን አያዝዝም።

ከፍርዱ ውስጥ በብዙ ዘገባ ያልተነገረው ክፍል ይበልጥ ይገርማል። ፊሊፒንስ ቻይና በአዩንጊን ስንቅ መከልከሏንም ሕገ ወጥ እንዲያሰኙላት ዳኞቹን ጠይቃ ነበር። እነርሱ ግን አንመለከተውም አሉ። የባሕር ሕጉ ስምምነት ሀገሮች ወታደራዊ እንቅስቃሴን ከዳኝነት እንዲያስወጡ ይፈቅዳል፤ ቻይናም ይህን አስቀድማ አስመዝግባለች። በአንድ ወገን ወታደሮች የተቀመጡባት የጦር መርከብ፣ በሌላ ወገን የሚከቡ የመንግሥት መርከቦች ካሉ ከዚህ የበለጠ ወታደራዊ ጉዳይ የለም ብለው ፋይሉን ዘጉ። በሚስቺፍ ግን ቻይና ራሷ “ግንባታው ሲቪል ነው” እያለች ስለኖረች ዳኞቹ ቃሏን ወስደው ፈረዱባት። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ቻይና ወታደር የለኝም ባለችበት ቦታ ተፈረደባት፣ ግን ቦታው በእጇ ነው። ፊሊፒንስ ወታደር አለኝ ባለችበት ቦታ ሕግ እጁን አጠበ፣ ግን ቦታው በእጇ ነው። ጥቂት ረሃብተኛ ማሪኖችና ዝገት፣ ከአምስት ዳኞች ብያኔ የበለጠ ሠሩ።

ለዚህ ነው መርከቧ ከመዝገብ የማትሰረዘው። ከአገልግሎት ውጪ ናት ተብላ ብትጻፍ የተጣለ ብረት ትሆናለች፤ የተጣለ ብረት ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል ሊጎተት ይችላል፤ ቻይናም መርከቧ ኮራሉን እየበከለች ነው የሚለውን ክርክር አዘጋጅታ ይዛለች። በአገልግሎት ላይ ያለችን የጦር መርከብ ግን የሌላ ሀገር ሥልጣን አይነካትም። የ1951ዱ የመከላከያ ውል ደግሞ በፓስፊክ በፊሊፒንስ ጦር፣ በመንግሥት መርከቦች ወይም በአውሮፕላኖች ላይ የሚደረግ የታጠቀ ጥቃትን ይሸፍናል። ደቡብ ቻይና ባሕር ፓስፊክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥርጣሬ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክ ፖምፔዮ በ2019 ማኒላ ላይ “ነው” ብለው ዘጉት። ስለዚህ አንድ የቻይና ኮማንዶ ሲዬራ ማድሬ ላይ ቢወጣ የሚነካው የዛገ መሰላል ብቻ አይሆንም።

በፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ዘመን ነገሩ በረደ። ለምን እንደበረደ የታወቀው እርሳቸው ከወረዱ በኋላ ነው። በ2024 የቀድሞ ቃል አቀባያቸው ከቻይና ጋር “የጨዋ ሰዎች ስምምነት” እንደነበረ ተናገሩ። ምግብና ውሃ ይሂድ፣ የጥገና ቁሳቁስ ግን አይሂድ የሚል ነው። ዱቴርቴም ያለው ነገር እንዳለ እንዲቆይ መስማማታቸውን አልካዱም። በእኔ ግምት ከዚህ ይልቅ ብልህ የሆነ የቻይና ስልት የለም፤ ሰዎቹ ይብሉ፣ መርከቧ ግን ትሙት። ቦታውን ሊያስለቅቅ የሚችለው የዝገቱ ጊዜ እንደሆነ ተረድተዋል። ማርኮስ ልጁ በ2023 እንዲህ ያለ ስምምነት ካለም ከዛሬ ጀምሮ ሽሬዋለሁ ብለው በግልጽ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ ጋለ። ኦገስት 2023 በግፊት በሚተፋ ውሃ የስንቅ ጀልባ ተመታች። ኦክቶበር ላይ መርከቦች ተጋጩ። ዲሴምበር ላይ የፊሊፒንስ ጦር ኃይሎች አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ብራውነር ራሳቸው ስንቅ ከጫኑት ጀልባዎች አንዷ ላይ ሳሉ ውሃው ወረደባቸው። ማርች 2024 “ኡናይዛ ሜይ 4” የተባለችው የእንጨት ጀልባ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ተመትታ ባሕረኞች ቆሰሉ፤ የመጀመሪያው የመስኮቷን መስተዋት፣ ሁለተኛው መላ አካሏን ሰባበረው። በሜይ መጨረሻ ማርኮስ ሲንጋፖር ላይ በተካሄደው የመከላከያ ጉባኤ አንድ ፊሊፒናዊ ሆን ተብሎ ቢገደል ለጦርነት ድርጊት በጣም የቀረበ ነው አሉ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁን 17፣ የቻይና ጠረፍ ጠባቂዎች ቢላ፣ መጥረቢያና መዶሻ ይዘው የፊሊፒንስን የጎማ ጀልባዎች ከበቡ። ጀልባዎቹን ቀደዱ፣ መሣሪያ ወሰዱ፤ በግጭቱ አንድ የፊሊፒንስ ባሕር ኃይል አባል የቀኝ አውራ ጣቱን አጣ። ሁሉም ነገር በስልክ ተቀርጿል። ቻይና ሰዎቿ በሙያና በትዕግሥት እንደሠሩ ተናገረች። ማኒላ ውስጥ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ምን እንደሚባል አልታወቀም። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ “አለመግባባት ወይም አደጋ ሊሆን ይችላል” ሲሉ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ደግሞ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሕገ ወጥ የኃይል አጠቃቀም ነው ብለው ተቃረኗቸው። እዚህ ላይ አንባቢው ቢላና መጥረቢያ የተመረጡበትን ምክንያት ያስተውል። ጥይት ቢተኮስ ውሉ ይነሳል። አውራ ጣት የታጠቀ ጥቃት መሆን አለመሆኑን ግን ውሉ አልጻፈም።

ጁላይ 21 ሁለቱ ሀገሮች ስለ ስንቅ ማመላለስ ጊዜያዊ መግባባት ላይ መድረሳቸውን አስታወቁ። ጽሑፉ አልታተመም። ቤጂንግ ቀድማችሁ ታሳውቁናላችሁ፣ ጭነቱንም ቦታው ላይ እናረጋግጣለን ብላ ተናገረች። ማኒላ ቀድመን አናሳውቅም፣ ማንም አይፈትሸንም አለች። በሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያው ስንቅ ያለ ግጭት ደረሰ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። ሁለቱም የተለያየ ነገር ተስማማን እያሉ አንዱ ስምምነት መሥራቱ ለሕግ መምህር የሚያስደስት ባይሆንም ለሰዎቹ ምግብ ሆኗል።

የቀረው ጥያቄ የብረቱ ነው። መርከቧ የምትናድበት ቀን አይመጣም ማለት አይቻልም። በማኒላ ሴኔት በቦታው ቋሚ መጠለያ እንሥራ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ገንዘብ ለመመደብም ተሞክሯል። ነገር ግን በ2002 የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሀገሮችና ቻይና በፈረሙት መግለጫ ሰው ባልኖረባቸው ድንጋዮች ላይ አዲስ ሠፈራ ከመጀመር ለመቆጠብ ተስማምተዋል። ሲዬራ ማድሬ ከመግለጫው ሦስት ዓመት በፊት ደርሳ ነበር፤ አዲስ ሕንፃ ግን አዲስ ነው። ሌላ መርከብ ቢመጣም ከ1999 ጀምሮ እዚህ ነኝ ሊል አይችልም። በሌላ አነጋገር ማኒላ ያላት መብት በዚህች አንድ አካል ላይ ታስሯል፤ በሌላ ተተክቶ የሚቀጥል አይደለም።

ስለዚህ ሥራው በዝምታ የሚደረግ ጥገና ሆኗል። የፊሊፒንስ ባሕር ኃይል ለኑሮ የሚያበቃ መጠነኛ እድሳት እንደሚያደርግ ይናገራል፣ ዝርዝሩን ግን አይገልጽም። ቻይና ደግሞ እያንዳንዱን ጀልባ ምግብ ነው የያዘችው ወይስ ሲሚንቶና የብረት ዘንግ እያለች በካሜራ ትከታተላለች። የዓለም ሁለት ኃያላን ሊጋጩበት ይችላሉ የሚባለው ጉዳይ በዕለት ተዕለት ደረጃ ሲታይ ይህ ነው፦ በሩዝ ጆንያዎቹ መካከል ስንት ከረጢት ሲሚንቶ አለ፣ ቆጥሮ ያገኘውስ ማን ነው።